እግሩን ያዝኩት፣ ከዚያስ?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። የሚመጣን ርግጫ እንዴት እንይዛለን፣ ከያዝን በኋላ ምን እናደርጋለን፣ የእኛ እግር ሲያዝስ? ስለዚህ ሌሎቹን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ አምዱን በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ አጭር። እንደ ጥያቄው ክብደት ነው።

ማስተር፣ ኪክቦክሲንግ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ወደ ጎኔ የሚመጣውን ራውንድ ኪክ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ርግጫ) ለመያዝ ስሞክር ወይ ክንዴን ያመኛል፣ ወይ የጎን አጥንቴ ላይ ያርፋል። አንዳንዴ ደግሞ እጄን አውርጄ ስጠብቅ ጭንቅላቴን ያገኘኛል። የቱ ጋ ነው የምሳሳተው?

ወንድሜ፣ ከጻፍከው እንደገባኝ ባለህበት ቆመህ ርግጫውን በእጅህ ትጠብቃለህ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መያዝ የሚጀምረው ከእግርህ ነው፣ እጅ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ራውንድ ኪክ ሲመጣ ከሁሉም የሚፈጥነው የእግሩ ጫፍ ነው። ዳሌው ትንሽ ሲዞር ቅልጥሙና የእግሩ ጀርባ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ጉልበቱና ጭኑ አካባቢ ግን ፍጥነቱ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ቦታ አለህ። አንዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጭኑ ጋ መጠጋት ነው። ሌላው ርግጫው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አብሮ መሄድ ነው። መሃሉ ላይ ደርቀህ ከቆምክ ግን የምቱን ጉልበት በሙሉ ትቀበላለህ። አንተ ያለኸው እዚያ ነው።

ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለታችሁም ግራ እግራችሁን አስቀድማችሁ ቆማችኋል እንበል። እሱ በቀኝ እግሩ ግራ ጎንህን ሊመታ ነው። ርግጫው ካንተ ግራ ወደ ቀኝህ ይጓዛል። አንተም ወደ ቀኝህ፣ ትንሽ ወደፊት ሰያፍ አድርገህ ትራመዳለህ። ምቱ ይነካሃል፣ አይነካኝም ብለህ አትጠብቅ። ግን አብረኸው እየሄድክ ስለሆነ ሲደርስብህ ኃይሉ ተሟጧል። ግራ ክርንህ እስከዚያ ድረስ ጎንህ ላይ እንደተጣበቀ ይቆያል። ልክ ሲነካህ፣ ያኔ ብቻ፣ ክንድህ በባቱ ስር ገብቶ ወደ ራስህ ይጠቀልለዋል። እግሩ ብብትህ ስር ይገባል፣ ክርንህ ይዘጋበታል። ተረከዙ ከክንድህ ኋላ ከዋለ በቀላሉ መንጥቆ አያወጣውም። ጣቶቹን ወይም የእግሩን ጫፍ ብቻ ከያዝክ ግን ወዲያው ይሾልካል።

አሁን ቀኝ እጅህ የት ነው? ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም የሚይዘው እጅ ከማይዘው እጅ የበለጠ ትኩረት ሲወስድ አያለሁ። ቀኝ እጅህ አገጭህ ላይ ነው መሆን ያለበት። እግሩ የተያዘበት ሰው ሁለት እጆች ነፃ ናቸው፣ ፊትህ ደግሞ ክንዱ ሊደርስበት የሚችል ርቀት ላይ ነው። በሁለት እጁ እግር አቅፎ ሲደሰት መንጋጋው ላይ ቡጢ የተቀበለ ሰው ስንቱ ነው።

ጭንቅላትህን የሚያገኝህም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ጎንና ወደ ጭንቅላት የሚሄዱ ርግጫዎች አነሳሳቸው አንድ ነው። ጉልበት ይነሳል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚለያዩት። የሰው ዓይን አይቶ አካል እስኪንቀሳቀስ ድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። እግሩን እያየህ ልትወስን ከሞከርክ ሁሌም ትዘገያለህ። እንዲያውም ጎበዝ ተጫዋች እጅህ ቶሎ እንደምትወርድ ካየ ሆን ብሎ ወደ ጎን አስመስሎ ወደ ላይ ይሸውድሃል። ዓይንህን ደረቱና ትከሻው ላይ አድርግ፣ ዳሌው ሲዞር ከዚያ ይታያል። እጅህን ደግሞ ወደ ታች ልከህ ርግጫ አትፈልግ። መጀመሪያ ተከላከል፣ ሲነካህ ያዝ።

የክንድህን ሕመም ቀላል አታድርገው። ሙሉ ኃይል ያለውን ርግጫ በክንድ አጥንት ፊት ለፊት መቀበል አጥንት ይሰብራል። ክንዳችን ውስጥ ካሉት ሁለት አጥንቶች በትንሿ ጣት በኩል ያለው ለዚህ የተጋለጠ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ሻምሮክ የሳንዳ (የቻይና ኪክቦክሲንግ) ሰው ከሆነው ከኩንግ ሊ ጋር ሲጋጠም የሆነው ይኸው ነው። የሊን ርግጫዎች በክንዱ ሲመክት ሲመክት አጥንቱ ተሰበረ፣ ከሦስተኛው ዙር በኋላም መቀጠል አልቻለም። ሻምሮክ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ ልምድ የሞላው ሰው ነው። ስለዚህ ክንድህን ብቻውን አታስመታው። ክርንህ ከጎንህ ጋር ተጣብቆ፣ ሰውነትህ ከኋላው ሆኖ፣ እግርህ እየሄደ ይሁን። ጣቶችህንም ሰብስብ፣ አውራ ጣትህ ከሌሎቹ ጋር ይጠጋ። የተበተነ ጣት በርግጫ መንገድ ላይ መግባት የለበትም።

አሁን አሁን መያዝ አላቃተኝም። ግን እግሩን እንደያዝኩ እቆማለሁ፣ እሱም በአንድ እግሩ እየዘለለ ያየኛል፣ ከዚያ ይነጥቀኛል ወይ በቡጢ ይመታኛል። ከያዝኩ በኋላ ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው መያዙን እንደ ግብ ነው የሚያየው። እግር ስትይዝ ያገኘኸው ነገር አጭር ጊዜ ነው። አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ። በዚያች ሰከንድ ሰውየው በአንድ እግሩ ነው፣ መሸሽ አይችልም፣ ሚዛኑን ገና አልፈለገም። ሰከንዷ ካለፈች ሚዛኑን ያገኛል፣ አንተ ደግሞ አንድ እጅህ በእግሩ ተይዞብሃል። ያኔ ከሁለታችሁ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም።

ስለዚህ ከመያዝህ በፊት የምታደርገውን ምረጥ። ሦስት ነገር አስተምርሃለሁ፣ መጀመሪያ አንዱን ብቻ እስኪሰለችህ ሥራው።

የመጀመሪያው ቡጢ ነው። ግራ ክንድህ እግሩን እንደዘጋ ቀኝ ቡጢህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መያዝና መምታት ሁለት ነገር መስሎ መታየት የለበትም። ክንድህ ሲዘጋ ዳሌህ ዞሮ ቡጢው እየሄደ መሆን አለበት። ብዙ ሰው በቀኝ ሲራገጥ ቀኝ እጁን ወደ ታች ወርወር ያደርጋል፣ ስለዚህ ፊቱ በዚያ በኩል ክፍት ሆኖ ታገኘዋለህ። ቀላል ነው፣ ውጤታማ ነው፣ ለማንም እመክረዋለሁ።

ሁለተኛው ጠረባ ነው። የቆመበት ግራ እግሩ ባንተ ቀኝ በኩል ነው ያለው። የያዝከውን እግር ወደ ራስህ ትንሽ ሳብ አድርገህ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ቀኝ እጅህ ትከሻውን ወይም አንገቱ ሥር ይገፋል፣ ቀኝ እግርህ ደግሞ የቆመበትን እግር ከውጭ በኩል ባቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይመታዋል። ላዩ ወደ ኋላ፣ ታቹ ወደፊት ነው የሚሄደው። ይህ ካልተገጣጠመ በጉልበት ብትመታም አይወድቅም። ከተገጣጠመ ግን በትንሽ ንክኪ ይወድቃል። የታይላንዱ የሙአይታይ (የታይ ቦክስ) ተጫዋች ሳንቻይ ከእሱ በጣም የሚከብዱ ሰዎችን ሲጥል ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፣ ሰውየው ጉልበት አይጠቀምም፣ ጊዜውን ነው የሚጠቀመው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የቆመበትን እግር ስትመታ ጉልበቱን አትምታ፣ በተለይ ልምምድ ላይ። ክብደቱ በሙሉ ያለበት፣ መሬት ላይ የተተከለ እግር ከጎን ጉልበቱ ላይ ሲመታ ጅማቱ ይበጠሳል። የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ ዓመት ገደማ ከልምምድ ይርቃል። ባቱን ወይም ከዚያ ዝቅ ብለህ ምታ፣ ጓደኛህ ለሚቀጥለው ሳምንትም ያስፈልግሃል።

ሦስተኛው ማዞር ነው። እግሩን እንደያዝክ ግራ እግርህን ወደ ኋላ በክብ ትስባለህ፣ ሰውነትህ በሙሉ ይዞራል፣ እሱም በአንድ እግሩ እየዘለለ ሊከተልህ ይገደዳል። ሦስተኛዋን ዝላይ ብዙ ሰው አይጨርሳትም። በክንድህ ብቻ ለመጎተት ከሞከርክ ግን አይሠራም። የሚጎትተው እርምጃህ ነው።

ምንም ካልመጣልህስ? ልቀቀው። ግን ዝም ብለህ አትልቀቅ። እግሩን ወደ ቀኝህ አሻግረህ ወርውረው፣ ጀርባው ወይም ጎኑ ወዳንተ ሆኖ ያርፋል፣ ያኔ አንተ ቆመህ እሱ እየዞረ ነው። ከዚህ የሚመጣው ሎው ኪክ (ጭን ላይ የሚያርፍ ርግጫ) ወይም ቡጢ ከመውደቅ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሎው ኪክንም መያዝ ይቻላል?

አይሞከር። ጭን ላይ የሚመጣ ርግጫ ለመያዝ ጎንበስ ስትል ፊትህን ለጉልበትና ለሃይ ኪክ (ወደ ጭንቅላት ለሚሄድ ርግጫ) እያቀረብክ ነው። የሎው ኪክ መልሱ እግር ነው። ጉልበትህን ታነሳለህ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ትከፍተዋለህ፣ የቅልጥምህ ላይኛው ጠንካራ ክፍል ይቀበለዋል። የመታው ሰው ይበልጥ እንዲያመው ነው የምትፈልገው። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. የኤም ኤም ኤ (ምትና የመሬት ትግል የተቀላቀሉበት ውድድር) ተጫዋቹ አንደርሰን ሲልቫ የመታውን ሎው ኪክ ክሪስ ዋይድማን በዚህ መንገድ ሲቀበለው የሲልቫ እግር ለሁለት ተሰበረ። በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ዋይድማን ራሱ ዩራያ ሆልን መትቶ የገዛ እግሩ ተሰበረ፣ ግጥሚያው ገና በ17ኛው ሰከንድ ላይ እያለ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየቀኑ አይሆንም፣ ግን ሎው ኪክ የሚመታ ሰው ይህን ፈርቶ እንዲመታ ማድረግ ራሱ ትልቅ መከላከያ ነው። ልምምድ ላይ የቅልጥም መከላከያ ማድረግ ግዴታ ነው፣ ለሁለታችሁም።

እኔ ቴኳንዶ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። በቅርቡ ሙአይታይ ክለብ ገባሁ። ርግጫዬ ፈጣን ነው ይሉኛል፣ ግን እየያዙ ይጥሉኛል፣ በጣም ነው የሚያናድደው። የተማርኩት ሁሉ እዚህ አይሠራም ማለት ነው?

እህቴ፣ ይሠራል። ግን ያደግሽበት ሕግ የሰጠሽን ልማድ ማየት አለብሽ። በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ መያዝ ጥፋት ነው፣ ዳኛው ጋም ጆም (ቅጣት) ይሰጣል፣ ተጋጣሚሽም 1 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ እግርሽ ሲያዝ ምን እንደሚሰማ ሰውነትሽ አልለመደውም። ነጥብ አግኝቶ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ መቆየት፣ እጅን ወደ ታች መጣል፣ ብቻውን አንድ ርግጫ ወርውሮ መጠበቅ፣ እነዚህ እዚያ ብዙም አያስቀጡም። እዚህ ያስቀጣሉ።

መጀመሪያ ከመያዝ እንዴት እንደምትድኚ። ትልቁ ነገር ርግጫሽን ብቻውን አለመላክ ነው። ፊቱ ላይ ሁለት ቡጢ ያየ ሰው እጁ ወደ ላይ ነው ያለው፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ለመያዝ ጊዜ ያጥረዋል። ቡጢ፣ ቡጢ፣ ከዚያ ዶልዮ ቻጊ (የቴኳንዶው ራውንድ ኪክ)። ወይም እሱ ራሱ እየመታሽ ሳለ፣ ሁለት እጁ ሥራ ላይ ሲሆን። ቀጥሎ ከፍታ ቀያይሪ። ሦስት ጊዜ ጎኑን በአንድ ዓይነት አመታት ከመታሽው አራተኛውን ይይዘዋል፣ ማንም ይይዘዋል። ጭን፣ ጎን፣ ጭንቅላት እያልሽ ካደናገርሽው ግን ክንዱን ለመላክ ይፈራል። እዚህ ላይ አንቺ ከክለቡ ልጆች ትበልጫለሽ። ቴኳንዶ ያስተማረሽ ከአንድ የጉልበት አነሳስ የተለያየ ቦታ መምታትን ነው፣ እጁን ወደ ጎን ካወረደ ያው ጉልበት ወደ ላይ ይዞራል። እግርሽን መልሶ ማጠፍም እንዲሁ። መትተሽ እግርሽ ወደ ጉልበት መታጠፊያው በፍጥነት ከተመለሰ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

አንዳንዴ ግን ትያዣለሽ። ያኔ ሰውነትሽ የሚነግርሽ ወደ ኋላ ጎትቺና አምልጪ ነው። እንዳትሰሚው። ወደ ኋላ ስትጎትቺ ሚዛንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ተቃራኒውን አድርጊ። ወደ እሱ ዝለይ። አንድ እጅሽ አንገቱን ከኋላ ይያዝ፣ ወይም ክንድሽን ቀጥ አድርገሽ ትከሻው ላይ አሳርፊ። አንገቱን የያዘችን ሴት መጣል በጣም ከባድ ነው፣ ብትወድቂም አብሮሽ ይወድቃል። የቆምሽበት ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይበል፣ ቀጥ ያለ እግር በቀላሉ ይጠረባል። ከዚያ የተያዘውን እግር ዳሌሽን አዙረሽ ጉልበቱ ወደ ታች እንዲያይ አድርጊና በሙሉ ክብደትሽ ወደ መሬት ርገጪው። የሰው ክንድ የሰው ሙሉ ክብደት አይሸከምም፣ ይለቃል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ መሆን አለበት፣ አንገት፣ ዳሌ፣ ርገጪ። በየልምምዱ መጀመሪያ ጓደኛሽ እግርሽን እንዲይዝልሽ አድርጊና ለጥቂት ደቂቃ ይህንኑ ሥሪ። ለብዙ ሰው ትልቁ ለውጥ የሚመጣው መያዝን መፍራት ሲያቆም ነው፣ ምክንያቱም የፈራ ሰው ርግጫውን በግማሽ ልብ ይልካል፣ በግማሽ ልብ የተላከ ርግጫ ደግሞ ለመያዝ እጅግ ቀላል ነው።

ፍሮንት ኪክስ? ሆዴ ላይ በጣም እየገፋ ያስቸግረኛል።

ይህ ከራውንድ ኪክ ይልቅ ለመያዝ ይመቻል፣ ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ። ሆድህን ወደ ውስጥ፣ ዳሌህን ወደ ኋላ፣ ትንሽ እርምጃም ወደ ኋላ ታደርጋለህ። መዳፍህ ከስር ተረከዙን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ይቀልበዋል። ከያዝከው በኋላ ወደ ላይ አንስተህ ወደፊት መራመድ ብቻውን ብዙ ሰው ይጥላል።

እኔ ግን ከመያዝ ይልቅ ወደ ጎን መጥረግን እመርጣለሁ። ርግጫው ሊደርስ ሲል በእጅህ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ ታሳልፈዋለህ፣ አንተ ደግሞ በተቃራኒው ትወጣለህ። እግሩ መሬት ሲነካ ጀርባውን ሰጥቶህ ነው። ሳይድ ኪክም ላይ ይህ ይሠራል፣ እንዲያውም ሳይድ ኪክን ፊት ለፊት ቆሞ ለመያዝ መሞከር የጎን አጥንትን ለአደጋ መስጠት ነው። በተረከዝ የሚመጣ ምት ነው፣ ቀልድ የለም።

በየትኛው ውድድር ይፈቀዳል? አንዱ ይቻላል ይላል፣ ሌላው ያስቀጣል ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እንደ ስፖርቱ ይለያያል። ቴኳንዶን ከላይ ተናግሬያለሁ። ክዮኩሺን ካራቴም መያዝን ይከለክላል። በዓለም የካራቴ ፌዴሬሽን ሕግ ግን የሚራገጥን እግር ይዞ መጣል ይፈቀዳል፣ መጣሉ መያዙን ወዲያው ከተከተለ። የወደቀው ተጋጣሚ ላይ በትክክል የተቆጣጠርከውን ምት ካሳየህ ደግሞ 3 ነጥብ ነው። ሙአይታይ ይፈቅዳል፣ ግን እግሩን ይዘህ እንደልብህ እየገፋህ መሄድ አይቻልም፣ ልማዱ ሁለት እርምጃ ነው፣ ከዚያ መምታት ወይ መልቀቅ አለብህ። በጁዶ ዓይነት በዳሌ ላይ አንስቶ መወርወርም አይፈቀድም። ሳንዳ ላይ መያዝና መጣል የጨዋታው ልብ ነው፣ አንተ ቆመህ እሱ ከወደቀ 2 ነጥብ ታገኛለህ። ኤም ኤም ኤ ላይ ገደብ የለውም፣ የተያዘ እግር ወደ መሬት ትግል መግቢያ በር ነው። ኪክቦክሲንግ እንደ አዘጋጁ ይለያያል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ለአንድ ምት ያህል ይፈቅዳል። ስለዚህ ከውድድር በፊት ባለው የሕግ ማብራሪያ ላይ እጅህን አውጥተህ ጠይቅ፣ አያሳፍርም።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ክለቡ ውስጥ እግር ይዞ መጣል እያስተማሩት ነው። ሲወድቅ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ለዕድሜው ተገቢ ነው?

አባቴ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው፣ ጥያቄዎን በቁም ነገር ነው የማየው። ቴክኒኩ ራሱ ለዕድሜው ችግር የለውም። መታየት ያለበት መውደቅን ቀድሞ ተምሯል ወይ የሚለው ነው። እግሩ ተይዞ የሚወድቅ ልጅ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ በደመ ነፍስም እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬት ሊደገፍ ይሞክራል። የእጅ አንጓ ስብራት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሌላው አደጋ የጭንቅላት ኋላ መሬት መምታቱ ነው።

አንድ ቀን ልምምዱን ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ልጆቹ ሲወድቁ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ? ጀርባቸውን ክብ አድርገው ይንከባለላሉ? ክንዳቸውን ከኋላቸው ከመትከል ይልቅ በጎናቸው መሬቱን ይመቱበታል? ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ? የሚጥለው ልጅ የያዘውን እግር እስከ መጨረሻው ይዞ ጓደኛውን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል ወይስ ወርውሮት ይሄዳል? አሰልጣኙ እኩል ክብደት ያላቸውን ያጣምራል? እነዚህ ካሉ ልጅዎ ጥሩ እጅ ላይ ነው። ከሌሉ አሰልጣኙን በግል ያነጋግሩት፣ ወላጅ ሲጠይቅ የሚቆጣ አሰልጣኝ ከሆነ ሌላ ክለብ ይፈልጉ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ካሳየ ደግሞ የዚያን ቀን ልምምዱ አብቅቷል፣ ሐኪም ሳያየውም አይመለስ።

ጓደኛ ጋ ለመለማመድ ከየት እንጀምር? ወዲያው ስፓሪንግ ስንገባ ሁሉም ይጠፋብናል።

ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ። አንዱ በቀኝ እግሩ ብቻ፣ ወደ ጎን ብቻ፣ በትንሽ ጉልበት ይመታል። ሌላው ይራመዳል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ሌላ ምንም የለም። እርምጃው ሲገባችሁ በያዛችሁ ቁጥር ቡጢውን ጨምሩ። ቀጥሎ የሚመታው ቀኝ ወይ ግራ እንደፈለገ ይምታ። ከዚያ ወደ ጎን ወይ ወደ ጭንቅላት። እዚህ ደረጃ ላይ ነው እጅ ቶሎ ማውረድ የሚጋለጠው፣ ስለዚህ እዚህ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የተያዘው ሰው ዝም ብሎ አይቁም፣ አንገት ይያዝ፣ ይርገጥ፣ ይታገል። ፍጥነት የሚጨመረው ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው፣ አንዱ ብቻውን አይጨምርም።

ቀለል ያለ ሰው ከከባድ ጋር ሲሠራ አብሮ የመሄዱን እርምጃ ሰፋ ያድርገው፣ ወይም እስከ ጭኑ ድረስ ይጠጋ። 60 ኪሎ የሆነ ሰው የ90 ኪሎ ሰው ርግጫ ሥር ቆሞ ልያዝ ቢል ቴክኒኩ ምንም ጥሩ ቢሆን ጎኑ ይከፍላል።

መንገድ ላይ ሰው ቢራገጥብኝ ይህን ልጠቀም?

መራቅ ከቻልክ ራቅ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ልምምድ ላይ ምንጣፍ አለ፣ መንገድ ላይ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው ያለው። እግሩ ተይዞ ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው ጭንቅላቱን አስፋልት ላይ ቢመታ ሊሞት ይችላል፣ አንተም ሕይወትህን ሙሉ ይዘኸው የምትኖረው ነገር ይሆናል። በዚያ ላይ ጫማ አለ፣ ሱሪው ያንሸራትታል፣ መሬቱ እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ ጓደኛውም ከኋላህ ሊሆን ይችላል። አንድ ክንድህን በሰው እግር ማሰር በዚህ ሁሉ መሃል ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

መሸሻ ካጣህና ርግጫው ከመጣ ወደ ጎን ጥረገው፣ ጀርባውን ሲሰጥህ ያንን ጊዜ ለመሮጥ ተጠቀምበት። እግሩ ሳታስበው እጅህ ውስጥ ቢገባ እንኳ አትጥረበው። ወደ ጎን ገፍተህ ልቀቀውና ሂድ።